የጆርጂያ ውሾች፦ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሄዶ መንደር ለሚኖር ሰው

ጆርጂያ ስንል ብዙ ሐበሻ የከተመበትን፣ አትላንታ ያለችበትን የአሜሪካ ግዛት ማለታችን አይደለም፤ በካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ ከጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን አገር ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሄዱባታል፤ ከአውሮፓም ወጣቶች በልዩ ልዩ የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ይመጣሉ። በጎ ፈቃደኛ ሆቴል አያርፍም። ከቤተሰብ ጋር መንደር ይኖራል፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ይመላለሳል፣ ገና ሳይነጋ ማርሽሩትካ የሚሉትን ሚኒባስ ሊሳፈር ይወጣል። ስለዚህ ውሾቹን በየቀኑ፣ በዚያው መንገድ ላይ ያገኛቸዋል።

አገር ቤት ያደገ ሰው ለውሻ መላ አያጣም። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣ ይመስላል፣ ውሻው ይሸሻል፣ ነገሩ ያልቃል። ጆርጂያ ውስጥ ግን አንድ ሰው የሚያጋጥሙት ውሾች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የመንገድ፣ የግቢና የመንጋ። ያ የድንጋይ መላ በመጀመሪያዎቹ ላይ ይሠራል፤ በሁለተኞቹ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ በሦስተኞቹ ላይ አደጋ ይጠራል። ከየትኛው ዓይነት ውሻ ጋር እንደተገናኙ መለየት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

የመንገድና የግቢ ውሾች

እንደ ትብሊሲ ባሉ ከተሞች ጆሯቸው ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ምልክት የተደረገባቸው ውሾች ይታያሉ። ተይዘው እንዳይራቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተወጉ ናቸው። ሰፈርተኛው ይመግባቸዋል፣ ሱቅ ደጃፍና የሜትሮ መግቢያ ላይ ተጋድመው ይውላሉ፣ አብዛኞቹ ሰው አይነኩም። ምልክቱን ግን ከልኩ በላይ ማመን አይገባም። ውሻው አንድ ጊዜ መከተቡን ይናገራል እንጂ፣ ክትባቱ በየጊዜው መታደስ ያለበት ስለሆነ ዛሬም ይከላከላል ማለት አይደለም። ነክሶ ከሆነ ምልክት ያለውም የሌለውም እኩል ናቸው።

እነዚህ ውሾች ጠባያቸው የሚለወጠው ሲሰባሰቡ ነው፦ ማታ፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ ቡችሎች ባሉበት፣ ወይም ሴቷ ለስሪያ ደርሳ ወንዶቹ በሚከተሏት ሰሞን። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጮኽ ሌላው ዞሮ ከኋላ ይመጣል፤ የሚጎዳውም ያ ያልታየው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባን ለግድግዳ፣ ለአጥር ወይም ለቆመ መኪና መስጠት ይገባል። ጎንበስ ማለት ከዚያ በኋላ ነው። የድንጋይን ምት ስለሚያውቁ ይበተናሉ፤ ያኔ በጎን እየተራመዱ፣ ጀርባ ሳይሰጡ፣ ከቦታው መራቅ ነው።

የግቢ ውሻ ሌላ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የሚጠብቀው የጌታውን አጥር ስለሆነ መንገደኛው አጥሩን ሲያልፍ ጉዳዩ ያበቃል። ችግሩ ወደ ግቢው መግባት ሲያስፈልግ ነው። ሰንሰለቱ በአንድ ካስማ የታሰረ ከሆነ፣ ውሻው ሲዞር ሣሩን ረግጦ ያጠፋው ክብ የሚደርስበትን ያሳያል፤ ከክቡ ውጭ ማለፍ ይቻላል። አንዳንዱ ቤት ግን ከቤቱ እስከ በሩ ሽቦ ይወጠርና የሰንሰለቱ ቀለበት በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ውሻውን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል። «ታስሯል» ብሎ የገባ እንግዳ መሃል ግቢ ሲደርስ ውሻው ይደርስበታል። ከመግባት በፊት ቀና ብሎ ሽቦ መኖሩን ማየት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን በሩን ሳይነኩ ከውጭ ሆኖ መጣራት ነው። «ድዛግሊ ዳይጪሬት!» ማለት «ውሻውን ያዙ!» ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ «ጪ»ን ማውጣት አያስቸግርም።

የሚኖሩበትን ቤት ውሻ በመጀመሪያው ሳምንት መተዋወቅ ያስፈልጋል። የቤቱ እመቤት ወይም አባወራ ፊት ፊት እየሄዱ ግቢውን ደጋግሞ ማቋረጥ፣ ከዚያ እሳቸው ባሉበት ምግቡን ማቅረብ፣ ውሻው ራሱ መጥቶ እስኪያሸት እጅን ወደ ጎን አውርዶ መቆም። እጅን ከጭንቅላቱ በላይ መዘርጋት ለብዙ ውሻ ዛቻ ነው። ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ታስሮ ሳለ አይጠጉትም፤ የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የቀረው ምርጫ መንከስ ነው። አንድ ጥያቄ ደግሞ ከመጀመሪያው ማታ በፊት መጠየቅ አለበት፦ ማታ ይፈታል ወይ? በመንደር ቤቶች ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ሊሆን ይችላል፤ በሌሊት የሚፈታ ውሻ ገና ያልለመደውን ሰው በጨለማ ሲያገኝ የቤቱ ሰው መሆኑን አያውቅም።

በየዕለቱ መንገድ ላይ ያሉትን የጎረቤት ውሾች በተመለከተ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ እርምጃ መሄድ ብዙ ይረዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአስተናጋጁ ቤት ልጆች ጋር መሄድ ደግሞ የበለጠ። የትኛው ውሻ እንደሚነክስ የመንደሩ ልጆች ያውቁታል። ሶምሶማ የለመደ ሰው ግን ልማዱን ቢተው ወይም ሜዳ ላይ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ሰው በማይሮጥበት መንደር የሚሮጥ ሰው ለውሻው የሚባረር ነገር ነው።

የመንጋ ውሾች

ከባዱ ይህ ነው። ቱሸቲ የሚባለው ተራራማ አካባቢ በጎች የሙቀቱን ወራት እዚያው ተራራ ላይ ይውሉና ብርዱ ሲመጣ ወደ ካኬቲ ቆላ፣ ወደ ሺራኪ ሜዳ ይወርዳሉ። ወደ ቱሸቲ የሚያስገባው የአባኖ መተላለፊያ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ የብርዱን ወራት በበረዶ ይዘጋል። ስለዚህ በፀደይና በመኸር መንጋው ከነውሾቹ በመኪና መንገድ ላይ ይጓዛል፤ ተራራ ያልወጣ ሰውም ያገኛቸዋል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ በቱሸቲ፣ በካዝቤጊና በስቫኔቲ የእግር መንገዶች ላይ ናቸው።

የካውካሰስ እረኛ ውሻና የአገሬው ሰው ናጋዚ የሚለው ዘመዱ ትልልቅ ናቸው፤ ወንዱ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ተኩላ እንዳይዘው ጆሮው የተቆረጠ፣ አንገቱ ላይ ሹል ብረት ያለው ማሰሪያ ያደረገም ይታያል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲታይ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ስሙ እረኛ ይባል እንጂ በጎቹን የሚነዳቸው ሰው ነው፤ እሱ ይጠብቃል። ከቡችላነቱ በበጎች መካከል ስለሚያድግ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ይቆጥራል። የሚጠብቀው አጥር ከመንጋው ጋር አብሮ የሚሄድ፣ በዓይን የማይታይ ክብ ነው። አንድ ነገር ሲቀርብ መጀመሪያ ባለበት ሆኖ ይጮኻል። ቀጥሎ በመንጋውና በመጪው መካከል ይቆማል። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ ጥቂት ሜትር ሲቀር ቀጥ ይላል። ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚያጠቃው መጪው አሁንም ከቀጠለ ነው። ጎንበስ ማለት የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ከተኩላ ጋር ለመግጠም ያደገ ውሻ ለተወረወረ ድንጋይ አይሸሽም፤ ድንጋዩ «መጪው ጠላት ነው» የሚለውን ያረጋግጥለታል እንጂ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጩኸት ሲሰማ፣ ውሻው ገና ሩቅ ሳለ፣ መቆም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ይጮኻል እንጂ አይነክስም» ብሎ ሃምሳ ሜትር ሲጨምር ነው። ቆሞ መንጋው የት እንዳለ መፈለግ፤ ከጎን የተኙ በጎች ሣር ውስጥ ላይታዩ ይችላሉ። እረኛውን መፈለግ፣ እጅ አንሥቶ «ጋማርጆባ!» ብሎ ሰላምታ መስጠትና እሱ እስኪመጣ መጠበቅ። ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ያናድዳል፤ ግን ከዚህ የሚሻል መፍትሔ የለም። እረኛ ከሌለ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ርቆ መዞር ነው። በበጎቹ መሃል ሰንጥቆ ማለፍ፣ ወይም ከመንጋው በተነጠለች በግና በውሻው መካከል መግባት ፈጽሞ አይሆንም። ብስክሌት የያዘ ወርዶ ይግፋ። የራስን ውሻ ይዞ መሄድ የሁለቱንም ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው። ጉም ሲወርድ ድምፅ እያሰሙ፣ እያወሩ ወይም እያንጎራጎሩ መሄድ ይገባል፤ ውሻው ድንገት አጠገቡ ያገኘውን ሰው የማስጠንቀቂያውን ደረጃ ዘልሎ ሊያጠቃው ይችላል። ድንኳንም እረኛውን ሳይጠይቁ አይተከልም፤ ሌሊት ክቡ ይሰፋል።

መጥቶ ከደረሰ

አለመሮጥ። ሩጫ አባርሮ የመያዝ ደመ ነፍሱን ይቀሰቅሳል፤ ውሻን ደግሞ በሩጫ የሚያመልጥ ሰው የለም። ሰውነትን ወደ ጎን አዙሮ፣ ዓይኑን ሳያፈጡበት እግሮቹን እያዩ፣ እጅን ወደ ደረት ሰብስቦ መቆም። በወፍራም፣ በረጋ ድምፅ መናገር፤ ውሻው አማርኛ አይሰማም፣ የድምፁን ልክ ግን ይሰማል። ቀጭን ጩኸት ያባብሰዋል። ከዚያ በመጡበት አቅጣጫ፣ አንድ አንድ እርምጃ፣ ወደ ኋላ መሄድ። ውሻው ከተቀመጠ፣ ወደ ጎን ካየ ወይም መሬት ማሽተት ከጀመረ ከክቡ ወጥተዋል።

ጭራውን ስለወዘወዘ ወዳጅ ነው ማለት አይደለም። ከፍ ብሎ የቆመና በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጭራ የቁጣ ምልክት ነው። ጸጥ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ተክሎ የሚመጣ ውሻ ከሚጮኸው ይከፋል።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ረጅም ዱላ ከሁሉ ይሻላል፤ ጥቅሙ ግን ለመምታት ሳይሆን ርቀት ለመጠበቅ ነው። ጫፉን ዝቅ አድርጎ በራስና በውሻው መካከል መያዝ ይበቃል፤ ማወናጨፍ ያስቆጣዋል። ድንገት የሚከፈት ጃንጥላ የመንገድና የግቢ ውሾችን ያስደነግጣል። የበርበሬ ርጭት ቢሠራም ነፋስ ወደ ረጪው ይመልሰዋል፣ አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባትም አይቻልም። ለሰው የማይሰማ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡት መሣሪያዎች የማይታመኑ ናቸው፤ በተለይ በመንጋ ውሻ ላይ ባይመኩባቸው ይሻላል። ዳቦ መወርወር ለዛሬ ያድናል፤ ነገ ግን ውሻው ከነጓደኞቹ መንገድ ላይ ይጠብቃል።

ከነከሰ መንጭቆ ማስለቀቅ ሥጋን ይቀድዳል። ከመንከሱ በፊት ቦርሳ፣ ጃኬት ወይም ብስክሌት ወደ አፉ መስጠት ነው ብልሃቱ። የወደቀ ሰው በሆዱ ተኝቶ ወይም ተጠቅልሎ፣ ጣቶቹን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ፣ በክንዶቹ ጆሮውንና ፊቱን ሸፍኖ ዝም ይበል።

ከተነከሱ በኋላ

የእብድ ውሻ በሽታ ጆርጂያ ውስጥ አለ። ቫይረሱ በምራቅ ወደ ቁስሉ ይገባና ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን በትክክል ከተሠራ መከላከል ይቻላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይታያል፤ በአንድ ሳምንት የታየበትም ከዓመት በላይ የቆየበትም አለ። ስለዚህ «ሳምንት አልፎኛል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ማለት ስሕተት ነው፤ የዘገየም ሰው ይጀምራል።

መጀመሪያ ማጠብ። በሚፈስ ውሃና በሳሙና፣ ሰዓት እያዩ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ የቁስሉን ውስጥ ጭምር። ሳሙናው የቫይረሱን የቅባት ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ርካሹና ፈጣኑ መድኃኒት ይህ ነው፣ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ይተወዋል። ከዚያ አዮዲን መቀባት። ቡና መነስነስ ወይም ቅጠል መለጠፍ ቁስሉን ያቆሽሻል። የቤቱ ጌታ ቻቻ የሚባለውን የቤት አረቄ ላፍስስበት ካሉ፣ ከእጥበቱ በኋላ እንጂ በእጥበቱ ፈንታ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ቁስሉ ዓይነት ነው። ቆዳው ሳይጎዳ ውሻው ከላሰው መታጠብ ይበቃል። ደም ሳይወጣ የቧጨረ ወይም ቆዳ የቆነጠረ ከሆነ ክትባት ያስፈልጋል። ቆዳ ከተበሳ፣ ደም ከወጣ ወይም ምራቁ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ ክትባቱም ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው ሌላ መርፌም ያስፈልጋሉ። የቡችላ ጭረት እንኳ አይናቅም።

ሁለቱ ለምን አብረው? ክትባት ሰውነት ራሱ መከላከያ እንዲሠራ ያስተምረዋል፣ ግን አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ደግሞ ተዘጋጅቶ የመጣ መከላከያ ነው፤ ያንን ክፍተት ቁስሉ ላይ ሆኖ ይሞላል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፦ ከሰው የተሠራው በኪሎ 20 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ከፈረስ የተሠራው 40። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከሰው የተሠራው 1,200 ዩኒት ነው፤ በሚሊ ሊትር 150 ዩኒት ያለው ጠርሙስ ከሆነ 8 ሚሊ ሊትር። የሚወጋው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው፣ ያማል። የመጀመሪያው ክትባት ከተወጋ 7 ቀን ካለፈ በኋላ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ የራሱን መሥራት ጀምሯል።

ክትባቱ በክንድ ጡንቻ ይሰጣል። ከተለመዱት አሰጣጦች አንዱ በ0፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ነው (0 የተጀመረበት ቀን ነው)፤ ሌላው በመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ክንድ አንድ አንድ፣ ከዚያ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን። የበሽታ መከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ይጨመራል። ቂጥ ላይ መወጋት የለበትም፤ መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ይቀርና ሥራው ይዳከማል። አንድ ቀን ካለፈ ከመጀመሪያ መጀመር ሳይሆን ካቆሙበት መቀጠል ነው። ነፍሰ ጡር መሆንም አያግድም። አገር ቤት ስለ እብድ ውሻ መርፌ ሲወራ ሆድ ላይ ለቀናት የሚወጋውን የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ ያ ከእንስሳት የነርቭ ሕዋስ ይሠራ የነበረው አሮጌው ክትባት ነው። እሱን እየፈራ ሕክምና የሚሸሽ ሰው የማይሰጠውን መርፌ ነው የሚሸሸው። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አይተው።

ለበጎ ፈቃደኛ ትልቁ ጉዳይ ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው። በብዙ አገር ውድና እጥረት ያለበት ነው፤ ከተራራ መንደር ወደ ዋና ከተማ፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ አገር መሄድ ሊጠይቅ ይችላል። ከጉዞ በፊት የሚወሰደው ቅድመ መከላከያ ክትባት (በ0 እና በ7ኛው ቀን) ይህን ጣጣ ያስቀራል፦ አስቀድሞ የተከተበ ሰው ከተነከሰ ኢሚዩኖግሎቡሊን አያስፈልገውም፣ በ0 እና በ3ኛው ቀን ሁለት ክትባት ይበቃዋል። መታጠቡና ሐኪም ጋ መሄዱ ግን አይቀርም። ላኪው ድርጅት ይህን ክትባት ካልሰጠ ለምን እንደማይሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሐኪሙ ሥራ በዚህ አያበቃም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተወጉ 5 ዓመት ካለፈ ይታደሳል። የእጅ፣ የፊትና ጠልቆ የገባ ንክሻ በቀላሉ ስለሚያመረቅዝ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፤ በአንድ ቀን ውስጥ መቅላት፣ ማበጥና መምገል ከጀመረ መዘግየት አይገባም። የንክሻ ቁስል ከፊት በስተቀር ብዙውን ጊዜ አይሰፋም፤ መሰፋቱ ግድ ከሆነ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ይቀድማል። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ትንሽ ንክሻ እንኳ ቢሆን ያንኑ ቀን ይናገር።

ውሻውስ? ባለቤት ካለው 10 ቀን ታስሮ ይታይ። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው ከመታመሙ ጥቂት ቀን በፊት ጀምሮ ስለሆነ፣ 10 ቀን በጤና ከቆየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም፤ ሐኪሙ የቀሩትን መርፌዎች ሊያቆም ይችላል። ሕክምናው ግን 10 ቀኑን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይጀመራል። ሒሳቡ ለውሻና ለድመት ብቻ ነው፤ ለቀበሮ ወይም ለተኩላ አይሠራም። ውሻው ከጠፋ ክትባቱ ይጨረሳል። መንደርተኛው ተቆጥቶ ሊገድለው ቢነሣ፣ በሕይወት ቢቆይ ለተነከሰው ሰው እንደሚጠቅም ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የግድ ከተገደለም የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ አይመታ።

ከባለቤቱ ጋር መጣላት አያዋጣም፤ ውሻው የመንጋው ጠባቂ ነው፣ መንጋው ደግሞ የቤቱ ገቢ። ስሙን፣ ቤቱን፣ ውሻው መቼ እንደተከተበና ወረቀት እንዳለው መጠየቅ፤ የውሻውን ፎቶ ማንሣት። ለድርጅቱ የሕክምና ኃላፊ ያኔውኑ መደወል፤ ድንገተኛ ከሆነ የጆርጂያ የአደጋ ጥሪ ቁጥር 112 ነው። የክትባቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የጠርሙሱን የምርት ቁጥር በወረቀት አጽፎ መያዝና በስልክ ፎቶ ማስቀረትም አይረሳ፤ 3ኛውና 7ኛው ቀን ሌላ ከተማ ላይ ቢውሉ፣ ቀጣዩን የሚወጋው ሐኪም የቀደመው ምን እንደነበረ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።